የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ለመሥራት የግድ ሰው መሞት አለበት?

ኧረ በፈጠራችሁ፣ ይሄ የሰፈር ውስጥ ፍጥነት ልክ ይኑረው! እኛ አዲስ አበባ ከአያት ወዲያ ያለን ሰዎች አስፋልት አስፋልት እያልን ስንት ዓመት ለመንን። ክረምት በጭቃ፣ በጋ በአቧራ። መጣልን፣ ተመስገን። ግን ፒስታ እያለ ጉድጓዱን ፈርቶ ማንም አይከንፍም ነበር። አሁን ዝርግ ሆኖ ሲያገኙት የአዳማ ፍጥነት መንገድ መሰላቸው።

ዋናው መንገድ ሲዘጋጋ ሁሉም አቋራጭ ብሎ በእኛ ደጅ ይገባል። ሚኒባሱ አንድ ቢያጆ ለመጨመር ይበራል፣ ባጃጁ በቀኝም በግራም ይሾልካል፣ ሲኖው ገረጋንቲ ጭኖ ቁልቁለቱን ሲወርድ መስኮታችን ይንቀጠቀጣል። ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ያለው ለቀለሙ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

የእግረኛ መንገድ የለም ወይ? አለ እንጂ! ግማሹ ላይ አሸዋና ብሎኬት ተከምሯል፣ ግማሹ ላይ ሱቅ ተዘርግቷል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ሕፃናት በአስፋልቱ ይሄዳሉ። ከዚያ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ልጆቻችሁን ያዙ!» ይለናል። በገመድ እንሰራቸው እንዴ?

እስቲ እናስላው። የሰፈራችን መንገድ ቢበዛ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። በ60 ብትነዳ አንድ ደቂቃ፣ በ30 ብትነዳ ሁለት ደቂቃ። ይሄ ሁሉ ለአንዲት ደቂቃ ነው! በ60 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፣ ሹፌሩ ልጁን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ያ ሁሉ ሜትር ያልቃል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት ደግሞ አራት እጥፍ ነው። የካቲት 2012 ስለ መንገድ ደህንነት ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡት የየአገሩ ሚኒስትሮች ሰውና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ከ30 አይለፍ ያሉት ወደው አይደለም።

ለሚመለከተው ቢሮ የነዋሪ ፊርማ አሰባስበን አስገባን። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» «ጥናት ይደረጋል።» ከእኛ ከፍ ብሎ ያለው ሰፈር ግን ጉብታ ተሠርቶለታል። መቼ? አንዲት ልጅ ከተገጨች በኋላ። የእኛ ሰፈር ወጣቶች መጠበቅ ሰልችቷቸው ሲሚንቶ አዋጥተው የራሳቸውን ሠሩ። ቀለም የለው፣ ምልክት የለው፣ ማታ የቪትዝ ሆድ ሲፍቅ ያድራል። ጉብታ እኮ በዘፈቀደ አይቆለልም፤ ከፍታው ይለካል፣ ቀለም ይቀባል፣ ሹፌሩ ከሩቅ እንዲያውቀው ቀድሞ ምልክት ይተከላል። ይሄን መሥራት የማን ሥራ ነው? የእድር?

ስለ እድር ካነሳን ደግሞ፣ ሁሉንም በአላፊ አግዳሚው ባናላክክ ጥሩ ነው። ባለፈው ስብሰባ እጁን አውጥቶ «እነዚህ ሹፌሮች ልጆቻችንን ሊጨርሱብን ነው» ብሎ ያስጨበጨበው ሰውዬ፣ ስብሰባው ሲያልቅ ጎማ እያጮኸ ነው የሄደው። አዎ፣ ባለ ነጭ ቪትዙ፣ አንተን ነው የምለው።