ገበሬው በዱቤ ሲወስድ

ኒውዮርክ ውስጥ በረዶው ገና ሳይቀልጥ ለሐምሌ ቲማቲም ገንዘብ የሚከፍሉ ሰዎች አሉ። እኔም አንዱ ነኝ። ነገሩ ሲኤስኤ ይባላል፤ ሲዘረዘር ኮሚዩኒቲ ሰፖርትድ አግሪካልቸር። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሠፈር ያሉ ሰዎች ተሰባስበው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ገበሬ ጋር ይስማማሉ። ከምርቱ የሚደርሳቸውን ድርሻ ቀድመው ይገዛሉ። ገበሬው በዚያ ገንዘብ ዘር ይገዛል፣ ትራክተሩን ያስጠግናል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል። ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ አንዳንዱ እስከ ኅዳር፣ በየሳምንቱ በተቆረጠለት ቀን አትክልቱን ጭኖ ይመጣል። አንድ ሙሉ ድርሻ ለወቅቱ ብዙ መቶ ዶላር ነው። ለላጤ ስለሚበዛ ግማሽ ድርሻም አለ።

እስካሁን ተራ ንግድ ይመስላል። ጉዱ ያለው ውሉ ላይ ነው። ውርጭ ቢመታው፣ ጎርፍ ቢወስደው፣ ትል ቢበላው ገንዘብ አይመለስም። ጎመን ብቻ ከተረፈ ጎመን ብቻ ትወስዳለህ። ምንም ካልተረፈ ዘንቢልህን እንዳንጠለጠልክ ቤትህ ትገባለህ። ይህን ፈርሞ የሚቀመጠው አሜሪካዊ፣ ካፌ ውስጥ ቡናው ትንሽ ቀዘቀዘ ብሎ የሚመልስ ሰው ነው። ወራት ያደረገውን ጫማ ሱቅ ወስዶ ገንዘቤን መልሱልኝ የሚል ሰው ነው። እዚህ ጋ ሲደርስ ግን ዝም ይላል።

ዝምታው የእውነት መሆኑን ያየሁት በፈረንጆቹ 2023 ነው። ሜይ 18 ሊነጋ ሲል ያልታሰበ ውርጭ ሰሜን ምሥራቅ አሜሪካን መታው። ከኒውዮርክ እስከ ቬርሞንት የፖም ዛፎች አበባቸውን አራግፈው ፍሬ መቋጠር ጀምረው ነበር። አንድ ሌሊት በቃቸው። ገበሬያችን በየሳምንቱ ለአባላት አጭር ደብዳቤ ይጽፋል፤ ምን ደረሰ፣ ምን ተበላሸ፣ ውሻው ምን አጠፋ። የዚያን ሰሞን ዘንድሮ ከፖም ብዙ አትጠብቁ ብሎ ጻፈ። ፍራፍሬ የሚወስዱት ተጨማሪ ከፍለው ነበር። ሲያጉረመርም የሰማሁት ሰው የለም። አንዲት አሮጊት ብቻ “ምስኪን፣ እንቅልፍም አልወሰደው ይሆናል” አለች። ስለ ገበሬው ነው።

የባሰም አለ። በ2011 ኦገስት ማለቂያ ላይ አይሪን የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ የኦሬንጅ ካውንቲ ጥቁር አፈር ውኃ ዋጠው። ከኒውዮርክ ከተማ ሰሜን ምዕራብ ያለ፣ በሽንኩርት የታወቀ አገር ነው። ጥቁር ስለተባለ የኛን መረሬ እንዳይመስላችሁ። ድሮ ረግረግ የነበረውን መሬት ስደተኞች ቦይ እየቆፈሩ አድርቀው ያወጡት ነው። ጎርፍ የገባበት አትክልት ደግሞ ደህና ቢመስልም ለምግብ አይሸጥም፤ ደንቡ አይፈቅድም። ገበሬው የለፋበትን በገዛ ትራክተሩ ገልብጦ ይቀብረዋል። በዚያ ዓመት ወቅታቸው በነሐሴ ያበቃ ሲኤስኤዎች ነበሩ።

የሐሳቡ መነሻ ሲነገር ጃፓንና አውሮፓ ይጠራሉ። ጃፓን ውስጥ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የኬሚካል ነገር ያሳሰባቸው የቤት እመቤቶች ከገበሬ ጋር በቀጥታ መዋዋል ጀመሩ። አሜሪካ ውስጥ በ1986 አንድ የማሳቹሴትስና አንድ የኒው ሃምፕሸር እርሻ ተከተሉ። እዚህ ላይ የሚረሳ ሰው አለ። ቡከር ዋትሊ፣ አላባማ የሚገኘው የተስኪጊ ተቋም ጥቁር የግብርና ፕሮፌሰር። ባንክ ፊቱን ያዞረባቸውን ጥቃቅን ገበሬዎች “ደንበኛችሁን አባል አድርጉት፣ ቀድሞ ይክፈል፣ መጥቶም ራሱ ይልቀም” እያለ ይመክር ነበር። ብድር ለተከለከለ ሰው ቀድሞ የሚከፍል ጎረቤት ባንኩ ነው። ነገሩን ከነጭ ሂፒ ጋር ብቻ የሚያያይዙ ሐበሾች ሲገጥሙኝ ይህንን ነው የምነግራቸው።

የኛ አትክልት የሚታደለው አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነው። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሣጥኖች ተደርድረዋል። ከየሣጥኑ ፊት ካርቶን ላይ በማርከር ተጽፏል። ቆስጣ፣ አንድ እስር። ቲማቲም፣ ሁለት ፓውንድ። ዙኪኒ፣ የፈለጋችሁትን ያህል። ይህ የመጨረሻው ጽሑፍ ኦገስት ላይ ልመና ነው የሚመስለው። ሚዛን አለ፣ የሚቆጣጠር ግን የለም። ራስህ መዝነህ ራስህ ትይዛለህ። ጥግ ላይ የመለዋወጫ ሣጥን ተቀምጧል፤ የማትፈልገውን ትተህ ሌላው የተወውን ታነሳለህ። ለሐበሻ ይቺ ሣጥን ሎተሪ ናት። ፈረንጁ የቀይ ስሩን ቅጠል ቆርጦ እዚያ ይጥልልናል። ቃሪያው አቃጠለን ብለው የሚተዉም አሉ። ደግሞ ጎመን በዛብን ብለው ያማርራሉ። ጎመን እንዴት ይበዛል?

አጋጣሚ ሆኖ ምርቱ የሚጎርፈው በፍልሰታ ነው። ነሐሴ 1 ሲገባ ቆስጣው፣ ፎሶሊያው፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ድንቹ ጠረጴዛው ላይ ሞልቶ ይጠብቀኛል። ሁዳዴ ግን መሬቱ ደንድኖ ሳለ ስለሚመጣ ያኔ ወደ ሱፐርማርኬት ነው።

አባል የሆነ ሁሉ በወቅቱ ጥቂት ሰዓት ማገልገል አለበት። ሣጥን ማውረድ፣ ስም ዝርዝሩ ላይ ምልክት ማድረግ፣ መጨረሻ ላይ መጥረግ። ያልተወሰደው ለተቸገሩ ምግብ ለሚያድል ድርጅት ይላካል። እኔ ስም ዝርዝሩን መያዝ እወዳለሁ፤ ሰው ለማየት ይመቻል። አብዛኛው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ይመጣል። ስሙን ይናገራል፣ አትክልቱን ይሰበስባል፣ አመስግኖ ይወጣል። ለዓመታት እየመጡ ስም ለስም የማይተዋወቁ አሉ። አንዱ ታሞ ቢቀር የሚታወቀው ቲማቲሙ ሳይነሳ ሲያድር ነው። ጽዋ የሌለው ማኅበር አስቡት። ዳቦው አለ፣ ዝክሩ የለም። ስለ ገበሬው ልጅ የኮሌጅ ምርጫ ግን ሁሉም ያውቃል፤ ደብዳቤው ላይ ተጽፎ ነበርና።

ለአክስቴ በስልክ ላስረዳት ሞከርኩ።

“በመጋቢት ከፍለህ በሐምሌ ትበላለህ?” አለችኝ።

“አዎ እቴቴ።”

“ካልበቀለስ?”

“ካልበቀለማ የለም።”

ትንሽ አሰበችና “እንግዲያው ገበሬው አንተ ነህ” አለች። የሲኤስኤን ነገር ከዚህ በተሻለ ያስረዳ ሰው አላጋጠመኝም።

እሷ ሳሪስ ነው የምትኖረው። ሽንኩርትና ቲማቲሟን ከሠፈሯ ጉሊት ትሸምታለች። ባለጉሊቷ ደንበኛዋ ናት። እጅ ሲያጥራት በዱቤ ትወስዳለች፣ የጡረታ ገንዘቧ ሲገባ ትከፍላለች። ምራቂም አይቀርባትም፤ ሁለት ቃሪያ፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት። ይህንን ሱፐርማርኬት አይሰጥም፣ ሲኤስኤም አይሰጥም። የልጆቿን ስም የምታውቅ፣ ስትቀር “ምነው ጠፋሽ?” የምትል ሻጭ አለቻት። በዚህ በኩል አክስቴ ከኔ ትበልጣለች።

ዱቤው የሚሄድበት አቅጣጫ ግን ሌላ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ገበሬው ከበላተኛው በዱቤ ይወስዳል። እኛ ዘንድ በላተኛው ከባለጉሊቷ ይወስዳል። ባለጉሊቷ ከአከፋፋዩ ትወስዳለች። አከፋፋዩም አንዳንዴ ሽጬ እከፍላለሁ ብሎ ከገበሬው ጭኖ ይሄዳል። ዱቤው እየተንከባለለ መጨረሻ ማሳው ላይ ያርፋል። ከተማውን በሙሉ የሚያበድረው ያ መቂ ወይም ፎገራ ያለ፣ ማዳበሪያውን ራሱ በብድር የገዛ ሰው ነው።

ቲማቲም ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በደረሰ በጥቂት ቀን ውስጥ ካልተሸጠ አለቀለት። ደላላው ይህንን ከገበሬው በላይ ያውቃል። ዛሬ ዋጋ ወርዷል ካለ ወርዷል፤ የሚያጣራበት መንገድ የለም። ከናካቴው ገዥ የቀረ ጊዜ የመልቀሚያውን ዋጋ እንኳ ስለማይሸፍን ቲማቲሙ ማሳ ላይ ይበሰብሳል ወይም ለከብት ይበተናል። ያን ሰሞን ከተማ ያለነው ረከሰ ብለን ሁለት ኪሎ ጨምረን እንገዛለን። የከሰረው ገበሬ በሚቀጥለው ወቅት ሌላ ነገር ይዘራል። ከዚያ ይወደዳል። አንድ ኪሎ ሽንኩርት 100 ብር ያለፈ ጊዜ አገር ምድሩ ጮኸ። በነጋዴው ጮኸ፣ በመንግሥት ጮኸ። አምና ያ ገበሬ ምን ደርሶበት ነበር ያለ ሰው ግን ብዙም አልሰማሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ በየሠፈሩ የእሑድ ገበያ ተከፍቷል። የሸማቾች ማኅበራት ከድሮም አሉ። እንደ መቂ ባቱ ያሉ የገበሬ ዩኒየኖችም በመሐል ያለውን ሰንሰለት ለማሳጠር ይሠራሉ። ጥሩ ነው፤ አክስቴም ዋጋው ትንሽ ቀነሰ ትላለች። ግን እዚያም ገበሬው የሚከፈለው ካመጣ ነው። በረዶ የመታው ዕለት ብቻውን ነው።

የከተማ ሰው ከገበሬው ምርት ድርሻ መውሰዱ በታሪካችን አዲስ ነገር አይደለም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት አዲስ አበባ ተቀምጦ ከጢሰኛው ሲሶ ወይም እኩሌታ የሚያስጭን ብዙ ነበር። ያ ባለድርሻ ሲመረት ይደርስለታል እንጂ ለዘር መግዣ ልርዳህ አይልም። ለአንድ የሠፈራችን ሽማግሌ ስለ ሲኤስኤ ሳወራቸው ፊታቸውን ያጨማደዱት ወደው አይደለም። ድርሻ የሚባለውን ነገር የሚያውቁት በዚያኛው በኩል ነው።

ኪሳራ መካፈል ግን አናውቅም እንዴት ይባላል? እድርን የሚያህል ነገር ያለው ሕዝብ! ሞት ማን ቤት እንደሚገባ አይታወቅም፤ ስለዚህ ሁሉም በየወሩ ያዋጣል። ያልሞተበት ገንዘቤን መልሱልኝ አይልም። ይህ ቁርጥ የሲኤስኤው ውል ነው። እንደውም እድር ይበልጣል፤ ገንዘቡ ላይ ሰው ይጨምራል። ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ያልመጣ ይቀጣል። የኒውዮርኮቹ ከገበሬው ጋር ኪሳራ ይካፈላሉ፣ እርስ በርስ ግን ባዕድ ናቸው። እኛ እርስ በርስ እስከ መቃብር አንለያይም፣ ከሚያበላን ሰው ጋር ግን ባዕድ ነን።

ለዚህ ነው አዲስ አበባ ላይ ይሞከር ከተባለ ከእድር ይጀመር የምለው። ስም ዝርዝሩ አለ። ዳኛውና ገንዘብ ያዡ አሉ። ማውረጃ ቦታም አለ፤ ድንኳኑ ለቅሶ በሌለበት ሳምንት ተጠቅልሎ ነው የሚያድረው። ሠላሳ አባወራ ከአንድ የመቂ ገበሬ ጋር ለአንድ ወቅት ሽንኩርት ቢዋዋል ሰማይ አይደፋም።

የሚከብደው ገንዘቡ ነው። ዶላር ከማርች እስከ ኦክቶበር እዚያው ነው ማለት ይቻላል፤ ብር እንደዚያ አይደለም። ገበሬው በጥር የተቀበለው ገንዘብ በሰኔ ግማሽ ጆንያ ማዳበሪያ ላይገዛ ይችላል። ሸማቹም ቢሆን የወር አስቤዛ እንኳ አንዴ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም፣ እንኳን የመንፈቅ። ስለዚህ እንደ እቁብ በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል ይሻል ይሆናል። አሜሪካም ድሃውን ለማስገባት ዘዴ ፈልገዋል። በፈረንጆቹ ከ2014ቱ የግብርና ሕግ ወዲህ ሲኤስኤዎች ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም መንግሥት ለድሃ የሚሰጠውን የምግብ መግዣ ድጎማ፣ መቀበል ይችላሉ። ባለ ፉድ ስታምፕ የወቅቱን ሙሉ ክፍያ ቀድሞ አይጠየቅም፤ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይከፍላል። አንዳንድ ቡድንም ሻል ያለው ትንሽ ጨምሮ ከፍሎ የሌላውን ድርሻ ያቃልላል። ይህኛውን ለእኛ ሰው ማስተማር አያስፈልግም።

ሌላው መተማመኑ ነው። ሽንኩርቱ የተወደደ ጊዜ ደላላው እጥፍ ቢያቀርብለት ገበሬው ውሉን ያከብራል? ሽንኩርቱ የረከሰ ጊዜስ እድርተኛው ከጉሊት ልግዛ አይልም? ኒውዮርክ ውስጥ ይህንን የሚይዘው ፊርማ ነው። እኛ ዘንድ ፊርማ ብቻውን ሰው አይዝም።

ሐሳቡን ለአክስቴ ነገርኳት። እሷ ደግሞ ሳልልካት ለእድሩ ዳኛ አቀረበችው። በሳምንቱ መልስ ይዛ ደወለች።

“ሰዎቹ ጠሉት?” አልኳት።

“አልጠሉትም። አንድ ጥያቄ ግን ተነሳ። ይሄ ገበሬ ከእኛ አንዱ ሲሞት ይመጣል? እሱስ ሲሞትበት እንሄዳለን? መቂ ሩቅ ነው።”

እዚህ እኔ የፈረምኩት ውል ላይ ስለ ለቅሶ የተጻፈ ነገር የለም አልኳት።

“ታዲያ መጀመሪያ የሚጻፈው እሱ ነዋ!” አለችኝ።