የእናቴ ጉልበትና የሮም ርካሽ ሆቴል

ከሮም ከተመለስን ሦስት ሳምንት ሆነን። ንዴቴ ግን አልበርድ ብሏል። ዛሬ ጽፌው ይውጣልኝ።

እናቴ 67 ዓመቷ ነው። አውሮፕላን ስትሳፈር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እኔ ወደምኖርበት ሰሜን አውሮፓ ልትጠይቀኝ ስትነሳ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። «በሮም በኩል እንለፍ» አለች። የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ቦታ በዓይኗ ማየት ትፈልጋለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ሐውልቱ ተቆራርጦ በአንቶኖቭ የጭነት አውሮፕላን ሲመለስ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብላ ስታለቅስ ልጅ ሆኜ አይቻታለሁ። ስለዚህ እሺ አልኳት። አራት ሌሊት ሮም፣ ከዚያ ወደ እኔ ቤት።

ነገሩ የተበላሸው ገና ከሆቴሉ ነው። ለሸንገን ቪዛ ስታመለክቱ የምታርፉበትን ቦታ ማስረጃ ትጠየቃላችሁ። ማመልከቻው 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ታዲያ ቪዛው ይሰጥ አይሰጥ ሳይታወቅ ማን ደፍሮ የማይመለስ ክፍያ ይከፍላል? እኔም ያለ ቅጣት የሚሰረዝ፣ ደህና የሆነ ሆቴል ያዝኩ። የመሰረዣው ቀን ግን ከጉዞው 14 ቀን በፊት ነበር። ቪዛው የመጣው 9 ቀን ሲቀረን። መሰረዣው እንዳያልፍብኝ ፈርቼ ያን ሆቴል ቀድሜ ለቅቄው ነበር። ከአገር ቤት ዘመድ ጋብዞ የሚያውቅ ሰው ይህን ጭንቀት ያውቀዋል።

ወሩ ጥቅምት፣ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 2025 ነው። ካቶሊኮች በየ25 ዓመቱ የሚያከብሩት የኢዮቤልዩ ዓመት ስለሆነ ሮም በምእመናን ተጨናንቃለች። የቀረውን መፈለግ ጀመርኩ። በመጨረሻ ሁለት ሆቴል ስልኬ ላይ ቀረ። ሁለቱም ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ሁለቱም ባለ ሁለት ኮከብ። አንዱ በሌሊት 102 ዩሮ ይላል፤ የከተማውን ታክስ ጨምሮ። ሌላው 89 ይላል። «አሳንሰር አለ፣ ቁርስን ይጨምራል፣ ኮሎሲየም በእግር 10 ደቂቃ» የሚል ጽሑፍም አለው። ፎቶው ላይ ነጭ አንሶላ፣ ሰፊ መስኮት፣ ፀሐይ። የ89ኙን ያዝኩ። የማይመለስ ክፍያ ነው፤ ከፈልኩ።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው በረራ ሮም የሚያርፈው ሊነጋጋ ሲል ነው። እኔ ከዋዜማው ገብቼ ኤርፖርት አደርኩና ተቀበልኳት። ከፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ተርሚኒ ድረስ በፈጣኑ ባቡር 32 ደቂቃ ነው፤ ለአንድ ሰው 14 ዩሮ። እማዬ በመስኮት እያየች «እኔ እኮ አላምንም» ትላለች። ከጣቢያው ስንወጣ ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ነገርኳት። ሻንጣዋን መሬት ላይ አቁማ ዙሪያውን አየችው። «አይ አሉላ!» አለች። ደስታዋ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሙሉ ነበር።

ሆቴሉ ጋ ስንደርስ በሩ ዝግ ነው። ሪሴፕሽኑ የሚከፈተው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ሲከፈትም ክፍል የምትገቡት ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ነው ተባልን። ይህ የትም ያለ ደንብ ነው፤ በዚህ አልከስም። ግን ሻንጣ ለማስቀመጥ ለአንድ ሻንጣ 5 ዩሮ እንደሚያስከፍሉ የትም አልተጻፈም። ሌሊቱን ሙሉ ስትበር ያደረች ሴት እግሯ አብጦ ቁማለች። ከፈልኩ።

9 ሰዓት ሲሆን ተመለስን። ሰውየው ቁልፍ ሰጠንና «አራተኛ ፎቅ፣ ስካላ ቢ» አለን። ስካላ ማለት ደረጃ ነው። ሮም ውስጥ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለትና ሦስት የተለያየ መወጣጫ ሊኖረው ይችላል፤ ስካላ ኤ፣ ስካላ ቢ እያሉ ይጠሩታል። አሳንሰሩ ያለው ስካላ ኤ ላይ ነው። የእኛ ክፍል ስካላ ቢ ላይ። ስካላ ቢ አሳንሰር የለውም።

አስቡት እንግዲህ። «አሳንሰር አለ» ተብሎ የተጻፈው ውሸት አይደለም። ሕንፃው ውስጥ አሳንሰር አለ። ብትከስሰው አትረታውም። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ቃሉ እውነት ነው፤ የተጻፈው ግን ሰው ለማታለል ነው።

የድሮ የሮም ቤት ጣራው ከፍ ያለ ስለሆነ አራተኛ ፎቅ ማለት እኛ እንደምናውቀው አራተኛ ፎቅ አይደለም። ደረጃውን ቆጥሬዋለሁ። 96 ነው። የእምነበረዱ መሃል መሃሉ በእግር ብዛት ተበልቶ ጎድጉዷል፤ እግር ያንሸራትታል። እማዬ በቀኝ እጇ የብረት መደገፊያውን፣ በግራ እጇ የእኔን ክንድ ይዛ ወጣች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ግንባሯን ጠረገች። «ትንሽ ልረፍ ልጄ» አለች። ሦስተኛው ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። መብራቱ በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ዓይነት ነው። ድርግም አለ። በጨለማ ትንፋሿን እሰማለሁ። ማብሪያውን በዳበሳ እየፈለግሁ አለቀስኩ። እንዳታየኝ ጨለማው ጠቀመኝ።

ክፍሉ ሌላ ጉድ ነው። ያ ሰፊ መስኮት ሲከፈት ፊት ለፊት ግድግዳ ነው፤ ክንድ ብትዘረጉ ትነኩታላችሁ። ፀሐይ አይገባበትም። ሻወሩ ውስጥ ዞር ማለት አይቻልም። ይህን ሁሉ ግን እችለዋለሁ። ተማሪ ሆኜ ከዚህ የባሰ ቤት ኖሬያለሁ። በዋጋዬ ልክ ባገኝ ቅር አይለኝም። ትንሽ ክፍል ትንሽ ነው ብለው ቢሸጡልኝ አመስግኜ እተኛበታለሁ።

ከዚያ የታክሱ ነገር መጣ። ሮም ማንኛውም እንግዳ ለከተማው አስተዳደር በነፍስ ወከፍ በየሌሊቱ ታክስ ይከፍላል። ባለ ሁለት ኮከብ ሆቴል 5 ዩሮ፣ ባለ ሦስት 6 ዩሮ ነው። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም። ከአሥር ሌሊት በላይም አይቆጠርም። ሕግ ነው፤ ተገቢም ነው። ከተማ የምታጸዱት፣ መንገድ የምትጠግኑት በምን ነው? ለሁለት ሰው ለአራት ሌሊት 40 ዩሮ መሆኑ ነው። ሰውየው «ካሽ ብቻ» አለኝ። ካርድ ማንበቢያው ግን ከፊቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሁለት ሃያ ሃያ ዩሮ ሰጠሁት። መሳቢያ ውስጥ ከተተውና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

«ደረሰኝ» አልኩት።

«ነገ» አለኝ።

በማግስቱ ጠየቅሁ፤ ማተሚያው ተበላሽቷል። በሦስተኛው ቀን ጠየቅሁ፤ ኃላፊው የለም። የከተማው ገንዘብ ነው እኮ! የእሱ አይደለም፤ የእኔም አይደለም። አምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ልንወጣ ስንል፣ ሻንጣዬን በሩ ላይ አቆምኩና «ደረሰኙን ሳልይዝ አልሄድም» አልኩ። ኋላዬ ሌሎች እንግዶች ተሰልፈዋል። ያኔ በአንድ ደቂቃ አተመው። ማተሚያው ምንም አልሆነም ነበር።

ቁርሱ? ወረቀት ነው። ታች ካለው ካፌ በወረቀቱ አንድ ኮርኔቶ (ክሩዋሳን የመሰለ ጣፋጭ ዳቦ) እና አንድ ቡና ይሰጧችኋል። ለዚህም 96 ደረጃ መውረድ፣ ከዚያ መልሶ መውጣት። ረቡዕ ቀን እማዬ ጿሚ ናት፤ ኮርኔቶው ቅቤ አለበት። ከቤት ይዛው በመጣችው በሶ አደረች። በሶዋን በቧንቧ ውኃ በጥብጣ ስትጠጣ «ተዪው፣ እኔ ለምጄዋለሁ» እያለች ታጽናናኛለች። ልታጽናናኝ አልነበረም የመጣችው።

ከተማዋን ግን አልወቅስም። ሮም አልበደለችንም። በየመንገዱ ጥግ ናሶኔ የሚሏት አፍንጫ የመሰለች ቧንቧ አለች። ሌት ተቀን ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ትፈሳለች፤ በነጻ። እማዬ እንደ ጠበል እየተጠመቀችባት ነበር የምትሄደው። ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያ አይከፈልበትም። ጥንታዊው ቤተ መቅደስ ፓንተዮን እኛ በሄድንበት ጊዜ 5 ዩሮ ያስከፍል ነበር፤ 5 ዩሮ ብለው በሩ ላይ ጽፈውታል፤ 5 ዩሮ ተከፍሎ ይገባል። ተጨማሪ የለም። እንዲህ ያለ ነገር ሰው አያናድድም።

ሁለተኛው ቀን ማታ ጉልበቷ አበጠ። በማግስቱ አልጋ ላይ ዋለች። የአክሱም ሐውልት የነበረበት ቦታ ከተርሚኒ በሜትሮ ሦስተኛው ፌርማታ ነው። ሦስት ፌርማታ! ዕቅዳችን በዚያ ቀን ጠዋት ሄደን፣ ቁጭ ብለን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ከዚያ ወደ ኮሎሲየም ቀስ እያልን ልንሄድ ነበር። (በነገራችን ላይ ኮሎሲየም 10 ደቂቃ አይደለም። እኔ ብቻዬን በፍጥነት ሄጄ 22 ደቂቃ ፈጅቶብኛል።) እሷ ግን ደረጃውን እያሰበች ከክፍሉ መውጣት ፈራች። «አንቺ ሄደሽ ፎቶ አንሺልኝ» አለችኝ። ስንት ዓመት የጠበቀችውን በስልክ ፎቶ!

ማታ ተርሚኒ አጠገብ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ገብቼ ሽሮ አስጠቀለልኩላት። የቤቱ ባለቤት ሮም ብዙ ዘመን የኖሩ ሴት ናቸው። የሆነውን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ እዚህ አሳንሰር አለ ወይ ተብሎ አይጠየቅም» አሉኝ። «አሳንሰሩ የእኔ ክፍል በር ላይ ይደርሳል ወይ ብለሽ ነው የምትጠይቂው። ደግሞ በጽሑፍ መልሱልኝ በይ።» የሽሮውን ሒሳብ አልቀበልም ብለው ለእናቴ ሎሚ ጨምረው ላኩላት።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 89 በአራት ሌሊት 356 ነው። ታክሱ 40። የሻንጣው 10። ድምሩ 406 ዩሮ። ያ መጀመሪያ ላይ የተውኩት፣ ታክሱን ጨምሮ 102 ያለው ሆቴል በአራት ሌሊት 408 ነበር። ልዩነቱ ሁለት ዩሮ ነው። ሁለት ዩሮ! እዚያኛው በኋላ ስልክ ደውዬ አጣራሁ፤ አሳንሰሩ በራቸው ላይ ይደርሳል።

እውነቱን የተናገረው ሆቴል ውድ መሰለኝና አለፍኩት። የደበቀው ርካሽ መሰለኝና መረጥኩት። ሁላችንም እንዲህ ነው የምናደርገው፤ ዝቅተኛውን ቁጥር ከላይ አድርገን ነው የምንፈልገው። እነሱም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ዋጋውን ይቆርጡና ቀሪውን በሻንጣ፣ በካሽ፣ በደረጃ ያስከፍሉናል። ሐቀኛው ባለ ሆቴል ደግሞ ሐቀኛ በመሆኑ ደንበኛ ያጣል። እኔ የምለው፣ ሙሉ ዋጋውን መጀመሪያ ላይ መጻፍ ምን ያህል ከባድ ነው? «አሳንሰሩ እናንተ ክፍል ጋ አይደርስም» ብሎ አንድ መስመር መጨመር ምን ያስከፍላል? ርካሽ ሆቴል የሚያድረው ማን ነው? ገንዘብ ቆጥቦ እናቱን ያመጣ ሰው ነው። የሚታለለውም እሱ ነው።

የሚቀጥለው ወር ዘመድ የምታመጡ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሆቴሉን ጻፉለት። ክፍሌ በየትኛው መወጣጫ ነው በሉት። ታክሱ ስንት ነው፣ በካርድ ትቀበላላችሁ ወይ፣ ጠዋት ብደርስ ሻንጣዬን በነጻ ታስቀምጣላችሁ ወይ በሉት። በሁለት ቀን ካልመለሰ እለፉት።

መጨረሻ ቀን ወደ ኤርፖርት ስንሄድ ታክሲ ያዝን። ሹፌሩን ሐውልቱ ቆሞበት በነበረው በፖርታ ካፔና አደባባይ በኩል እንዲያልፍልን ለመንኩት። እሺ አለ፤ ግን ሰዓት የለም። እማዬ በሩን ይዛ ቀስ ብላ ወረደች። ሞተሩ አልጠፋም። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ 66 ዓመት ያህል የቆመበት ቦታ ከመንገዱ ባሻገር ነው፤ መኪናው ይተማል። መሻገር አልቻለችም። ጉልበቷን በሁለት እጇ ደግፋ ከዚህኛው ማዶ ቆማ አየችው።

«እዚያ ነው?» አለችኝ።

«እዚያ ነው» አልኳት።

አንዴ አማተበችና ወደ መኪናው ተመለሰች።