አምስት ብሬን!

ዛሬም መልሴን ሳልቀበል ወረድኩ።

ከሲኤምሲ መገናኛ በታክሲ ነው። 20 ብር ሰጠሁ፣ ሂሳቡ 15 ነው። ረዳቱ «ቆይ እህቴ፣ ዝርዝር ልሰብስብ» አለኝ። ቆየሁ። ጉርድ ሾላ ላይ አስታወስኩት። «እሰጥሻለሁ አልኩሽ እኮ!» አለና ፊቱን አዞረ። መገናኛ ስንደርስ በሩ ተከፈተ። ከኋላዬ ያለው ይገፋል፣ ከታች ያለው ሊሳፈር ይጋፋል። መሬት ረግጬ ዞር ስል ረዳቱ «ሲኤምሲ፣ ሰሚት! ሁለት ሰው!» እያለ ነው። «ወንድም፣ መልሴን!» አልኩት። አየኝ። በደንብ አየኝ። ከዚያ በሩን ጎተተውና ታክሲው ሄደ።

አሁን «ይሄን ሁሉ የምትጽፊው ለ5 ብር ነው?» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። አዎ፣ ለ5 ብር ነው። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እኔን ከመልሱ በላይ የሚያንገበግበኝ ይቺው «ለ5 ብር ነው?» የምትባል ነገር ናት። ባለፈው ሳምንት ሌላ ታክሲ ውስጥ መልሴን ደጋግሜ ስጠይቅ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ሰውዬ «እህት፣ ለ5 ብር ብለሽ ሰው አታስረፍጂ» አለኝ። ሌላው ከኪሱ 5 ብር አወጣና «እንኪ፣ እኔ ልስጥሽ» ብሎ ዘረጋልኝ። የታክሲው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ያስቸገርኩት እኔ ሆንኩ! ረዳቱ ደግሞ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ውጭ ውጭውን ያያል። ነገሩ እሱን የሚመለከተው አይመስልም።

የሰውየውን 5 ብር አልተቀበልኩም። እሱ ምን በወጣው? እኔ የጠየቅኩት የራሴን ነው። ደግሞስ እኔ 5 ብር ጎድሎኝ ብሳፈር ረዳቱ «ለ5 ብር ነው፣ ተይው» ይለኛል? በፍጹም። «ሂሳብ ጎድሏል! ማነው ያልሰጠ?» እያለ ከጋቢና እስከ ኋላ ወንበር ይቆጥረናል። ከእሱ ስትጎድል ብር ናት፣ ከእኔ ስትጎድል ግን መጠየቋ ነውር ነው። ይሄን ነው ልቀበለው ያልቻልኩት።

ሥራ ከያዝኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ደሞዝ ሲወጣ ለቤት ኪራይ፣ ለአስቤዛ፣ ለእናቴ የምልከው ብሎ ብሎ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ስለዚህ የእኔ ደስታ ሁሉ የሚገዛው በዝርዝር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጫማዬን ሊስትሮ አስጠርጌ በእግሬ ስንሸራሸር ደስ ይለኛል። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ የሚጠበሰው በቆሎ ሽታ ደስ ይለኛል። ከፋሲካ በኋላ ከጓደኛዬ ጋር «ማን ይበልጥ ጨመረ» ብለን ተወራርደን፣ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ የተቀመጠ ልጅ ጋ ተራ በተራ ተመዘንን። እሷ በሁለት ኪሎ በለጠችኝና የጀበና ቡና ጋበዘችኝ። ልጁ ራሱ ቁጥሩን ሲያነብላት በሳቅ ፈረሰ። ያን ቀን ሙሉ ስንስቅ ዋልን። ያን ሁሉ ሳቅ የገዛነው በሳንቲም ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ቆሎዬ። አራት ኪሎ፣ ከመሥሪያ ቤቴ ጀርባ ባለው መንደር ውስጥ ቆሎ የሚሸጡ እናት አሉ። በልቤ እትዬ ምርቃት እላቸዋለሁ። ሳፋው ላይ ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉና ኦቾሎኒው በየጥጉ ተከምሯል። በመለኪያ ይሰፍሩና ሞልቶ እስኪፈስ ይቆልሉታል። የ10 ብር ነው የምገዛው። ወረቀቱ ውስጥ ከገለበጡ በኋላ ሁልጊዜ፣ አንድም ቀን ሳያዛንፉ፣ በእጃቸው ዘገን አድርገው ከላይ ይጨምራሉ። ምርቃት። ማንም አልጠየቃቸውም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የሚሸጡት ቆሎ ነው፣ ግን እፍኝ ሙሉ ከራሳቸው ላይ ቀንሰው ይሰጡኛል።

ወረቀቱን ደግሞ ልንገራችሁ። ከተማሪ ደብተር የተቀደደ ነው። ቆሎውን እየቆረጠምኩ ወደ ታክሲ ስሄድ ወረቀቱን አነባለሁ። አንድ ቀን የደረሰኝ የሳይንስ ደብተር ነበር። «የአጥቢ እንስሳት ባሕርያት» ይላል ርዕሱ፣ በወፍራም ተሰምሮበታል። አንደኛ፣ ልጆቻቸውን ያጠባሉ። ሁለተኛ፣ ሰውነታቸው በጸጉር የተሸፈነ ነው። ሦስተኛው ላይ ወረቀቱ ተቀድዷል። ጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጎበዝ፣ ጽሑፍህን አስተካክል» ተብሏል። ያ ልጅ ማን እንደሆነ አላውቅም። ግን መገናኛ እስክደርስ ስለ እሱ እያሰብኩ ሄድኩ። ወረቀቱን አልጣልኩትም፣ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

እንግዲህ የሁለት ቀን መልሴ የአንድ ቀን ቆሎዬ ነው። በሳምንት ሦስቴ 5 ብር ቢቀርብኝ 15 ብር ነው። በዓመት 780 ብር ይሆናል። በ780 ብር ቢሾፍቱ ደርሼ እመለስ ነበር። ሆራ ዳር ቁጭ ብዬ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ ውሃውን እያየሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ሄጄ ነበር፣ እስካሁን ያወራሁት አላለቀም። እና በየቀኑ «ለ5 ብር ነው?» ስትሉኝ ከእጄ የምትወስዱት እሱን ነው።

ረዳቶቹንም አልበድልም። ኑሯቸውን እናያለን። ጠዋት የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ 200 ብር ትዘረጋለች፣ ሁለተኛውም 200 ብር ይዘረጋል። አዲሶቹ ኖቶች መስከረም 2013 ወጥተው ባለ 200 ከመጣ ወዲህ ይሄ ነገር ብሷል። ረዳቱ ገና አንድ ተሳፋሪ ሳያወርድ ይሄን ሁሉ ከየት አምጥቶ ይዘርዝረው? ተራ ቦታ ዝርዝር የሚሸጡ ልጆች አሉ፣ ከእነሱ ሲገዛ ይቆረጥበታል። ለተራ አስከባሪ ይከፍላል፣ ማታ ለባለታክሲው ሂሳብ ያስገባል። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ዝርዝር ሲጠፋ የሚጎድለው ሁሌም ከተሳፋሪው ኪስ ብቻ የሚሆነው ለምንድነው? ዝርዝር ከሌለው አንድ ቀን እንኳ «በቃ 10 ብር ስጪኝ፣ 5ቱን እኔ ልቻለው» ብሎኝ አያውቅም።

ሱቁም ያው ነው። «ዝርዝር የለም፣ ማስቲካ ውሰጂ» ይሉኛል። ቦርሳዬ ውስጥ የማልፈልገው ማስቲካ ተጠራቅሟል። ማስቲካውን መልሼ ወስጄ ሳሙና ልግዛበት ብል ይቀበሉኛል?

ታሪክ ስንማር የሰማሁት ትዝ አለኝ። ድሮ በማርትሬዛ ብር ሲገበያዩ ዝርዝሩ አሞሌ ጨው ነበር። እስቲ አስቡት፣ የጨው ዝርዝር። ከባድ ነው፣ ዝናብ ያሟሟዋል፣ በአህያ ነው የሚጫነው። እነሱ ይሄን ተሸክመው መልስ ይመላለሱ ነበር። እኛ ኪስ ውስጥ የምትገባ ባለ 1 ብር ሳንቲም አለችን፣ ያውም ሚዛን የተቀረጸባት። ግን መልስ መመላለስ አቃተን።

ባለ 5 ብሯስ? ሌሎቹ ኖቶች ሲቀየሩ እሷ አልተቀየረችም። አሁን አሁን ቡና የሚለቅመው ሰውዬ ፊቱ እስኪጠፋ አርጅታለች። መሐሏ በፕላስተር የተጠገነ አይቻለሁ። ሆኖም ስትደርሰኝ ደስ ይለኛል። ለስልሳ ጨርቅ ሆናለች።

አሁን አንድ ነገር ላውጋችሁ። አምና ክረምት ላይ ነው። ከመገናኛ አራት ኪሎ እየሄድኩ ጎኔ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበዋል። ሁለታችንም 5፣ 5 ብር መልስ አለን። ረዳቱ አንዲት 10 ብር አውጥቶ እጄ ላይ አደረገና «ለሁለታችሁ ነው፣ ተካፈሉ» ብሎ አወረደን። ተካፈሉ! የማንተዋወቅ ሰዎች አንዲት ኖት ይዘን አስፋልት ዳር ቆምን። እሳቸውም ዝርዝር የላቸውም፣ እኔም የለኝም።

«ውሰጂው ልጄ፣ አንቺ ልጅ ነሽ» አሉኝ።

«ኧረ እማማ፣ እርስዎ ይያዙት» አልኳቸው።

«በእግዜር ውሰጂው!»

«አልወስድም እማማ፣ የርስዎም አለበት እኮ!»

እንዲህ እየተባባልን ማካፋት ጀመረ። እጃቸውን ይዤ እትዬ ምርቃት ጋ ወሰድኳቸው። ላስቲክ ወጥረው ተቀምጠዋል። ከሥሩ ተጠጋን። የ10 ብር ቆሎ ገዛን። እማማ ወረቀቱን ገልጠው አዩና «ገብሱን ጥርሴ አይችለውም፣ ኦቾሎኒውን እለቅማለሁ፣ ትፈቅጃለሽ?» አሉኝ። እኔ ገብሱን ቆረጠምኩ፣ እሳቸው ኦቾሎኒውን አንድ አንድ እያሉ፣ ቅርፊቱን በሁለት ጣታቸው እያሹ እፍ እያሉ በሉ። እትዬ ምርቃት ይሄን አይተው አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ብቻውን ጨመሩላቸው። ስለ ልጆቻቸው አወሩኝ፣ ስለ ጉልበታቸው አወሩኝ። ዝናቡ ሲያባራ ተነሱና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። «ከፍ በይ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ ክፉ አይንካሽ» አሉኝ። እኔም «አሜን» ብዬ ጎንበስ አልኩ። በአንድ ቀን ሁለቱንም ምርቃት ተቀበልኩ፣ የቆሎውንም የአፍንም።

ይሄን ለሰው ስነግር «አየሽ፣ ዝርዝር ባይጠፋ ከእሳቸው ጋር አትገናኚም ነበር» ይሉኛል። ይሄን አልቀበልም። እኔ መልሴ እጄ ላይ ቢኖር ኖሮ በራሴ ብር ቆሎ ገዝቼ እጋብዛቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ 5 ብራቸውን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ይገቡ ነበር። እማማ ያን ቀን የመጡት ከየት እንደሆነ ነግረውኛል። ከእግር መንገዱ ላይ ቀንሰው ነው ታክሲ የያዙት። ለእሳቸው 5 ብር ከእኔ ትበልጣለች። «ተካፈሉ» ተብለው ጎዳና ላይ መጣል አልነበረባቸውም። ቆሎው ጣፈጠን ማለት ረዳቱ ልክ ሠራ ማለት አይደለም።

ልክ የሚሠራ አለኮ! አንድ ልጅ አለ፣ ሲኤምሲ መስመር ላይ የሚሠራ፣ በግምት ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ብሮቹን በቁመት አጥፎ በየጣቶቹ መሐል ይሰካቸዋል። 5 ብሩ በትንሿ ጣቱና በቀለበት ጣቱ መሐል ነው። አንድ ማታ እሱ ጋ መልሴን ረስቼ ወረድኩ። የረሳሁት እኔ ነኝ፣ ስልክ እያወራሁ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሰልፉ ላይ ቆሜ «እህቴ! እህቴ!» የሚል ሰማሁ። ታክሲው እየሄደ ነው። በበሩ ተንጠልጥሎ 5 ብር ዘረጋልኝ። «የማታው!» አለኝ። ሮጥ ብዬ ተቀበልኩት። ሰልፉ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዱ አጨበጨበ። ያን ቀን ቢሮ የገባሁት ሽልማት እንደተሸለመ ሰው ነው። ለአለቃዬ ሳይቀር ነገርኩት።

ይሄ ልጅም ዝርዝር የሚፈልገው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። እሱም ጠዋት 200 ብር ይዘረጉለታል፣ እሱም ማታ ሂሳብ ያስገባል። ግን የእኔን 5 ብር አስታውሶ አደረ።

ከግንቦት 2013 ጀምሮ ቴሌብር አለ። ቁጥራቸውን መስኮቱ ላይ የለጠፉ ታክሲዎች ገጥመውኛል። 15 ብር ሂሳብ፣ 15 ብር እልካለሁ፣ ረዳቱ ስልኩን አይቶ «ገብቷል» ይለኛል፣ አለቀ። መልስ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። ሁሉም ቢለጥፍ ደስ ባለኝ። እስከዚያው ግን፣ እባካችሁ፣ ታክሲ ውስጥ መልሷን የምትጠይቅ ልጅ ስታዩ አትገላምጧት። ከቻላችሁ «ወንድም፣ መልሷን ስጣት» በሉላት። እኔ አንድ ሰው እንዲህ ቢልልኝ ዛሬ ይሄን አልጽፍም ነበር።

እና ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ከሲኤምሲ ያሳፈርከኝ ወንድሜ፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበስከው፣ 5 ብሬ አንተ ጋ ናት። ነገም በዚያው ሰዓት እዚያው ሰልፍ ላይ ነኝ። ቢጫ ጃንጥላ ይዣለሁ።