ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር «የመጨረሻው ስንት ነው?»

ባሉበት

ጉዳዩ፦ ታይቶ የማያውቅ ሞተር ብስክሌት የመጨረሻ ዋጋን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ይህን የምጠይቀው እርስዎ ጤናዬን ጠይቀውኝ ስለሚያውቁ አይደለም። ባለፉት ሦስት ወራት ስልኬ በጮኸ ቁጥር ሰላምታውን ዘልለው፣ የእኔን «ሃሎ» ከአፌ ነጥቀው፣ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። አንድ ቀን ድምፅዎ የጎረምሳ ነበር፣ ሌላ ቀን የአዛውንት። አንድ ጊዜ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ በሹክሹክታ ጠየቁኝ፤ ባለቤትዎ እንዳይሰሙ ይመስለኛል። ስምዎን ነግረውኝ ስለማያውቁ በጥያቄዎ ልጠራዎት ተገድጃለሁ።

ለሽያጭ ማስታወቂያ ያወጣሁበትና የምንነጋገርበት ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራ ሆንዳ ሲቢ 350 ነው። ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለት ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር ቀላቃይ)፣ አምስት ማርሽ። በስሙ 350 ይባል እንጂ ሞተሩ 325 ሲሲ ነው፤ ይህንንም በማስታወቂያው ላይ ሳልደብቅ ጽፌዋለሁ። እርስዎ ግን ደውለው «ታዲያ ሃያ አምስቱ የት ሄደ?» አሉኝና ዋጋው በዚያው ልክ እንዲቀነስልዎ ጠየቁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሃያ አምስቱን ሲሲ ራሴ የበላሁት ይመስል አፍሬ ዝም አልኩ።

ለምን እንደምሸጠው አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ልንገርዎት። በዚህ ሞተር ሲቆም የሚወርደው ግራ እግር ነው፤ ቀኙ የኋላውን ፍሬን እንደረገጠ ይቆያል። ስለዚህ ከ150 ኪሎ በላይ የሆነው ብረትና በላዩ የተቀመጠው ሰውዬ ለአፍታ በግራ ጉልበት ላይ ይንጠለጠላሉ ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቁልቁለት ላይ ቆሜ መንገድ እስኪለቀቅ ስጠብቅ፣ ግራ ጉልበቴ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ለቀቀ። ሞተሩ አልወደቀም፤ ወንበር ፈልጎ እንዳገኘ ሽማግሌ በቀስታ ተቀመጠ። እኔም መሪውን አልለቅም ብዬ አብሬው ተቀመጥኩ። ሦስት መንገደኞች መጀመሪያ ሞተሩን አነሱ፣ ቀጥለው እኔን። የፍሪሲዮኑ መያዣ ጫፍ እስከ ዛሬ ጎባጣ ነው፤ ይህንንም ጽፌዋለሁ። ጉልበቴን ያየው ሐኪም «ከሁለት አንዱን ይምረጡ» አለኝ። ብዙ ቀን አሰብኩበት፤ ጉልበቱ በሊብሬ የማይዛወር ሆኖ ተገኘ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በዋጋው ነገር የመጀመሪያው ጥፋተኛ እኔ ነኝ። ዋጋ ለማውጣት ስነሳ ያየሁት የሲቢ 350ን ገበያ አልነበረም። ሄጄ ሲቢ 750ን አየሁ፤ ያውም እ.ኤ.አ. በ1969 የወጡትን፣ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸውን። አራት ሲሊንደርና ከፊት የዲስክ ፍሬን ያለውን ማሽን የእኔው ሞተር ወንድም ነው ብዬ፣ የወንድሙን ዋጋ በእኔው ሞተር ላይ ለጠፍኩበት። በዚያ ላይ የሃያ ዓመት የጥገና ደረሰኝ ደመርኩበት፤ ዘይት፣ ካንዴላ፣ ካቴና፣ ሁለት ጊዜ የተቀየረ ጎማ። ትዝታውንም ሳልረሳ ጨመርኩ። የወጣው ድምር በሞተር ብስክሌት ታሪክ ውስጥ የሚጠቀስ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ቀስ በቀስ ነቃሁ። ሻጭ የሚጠራው ዋጋና ዕቃው በትክክል የተሸጠበት ዋጋ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ለወራት የማጠናው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ዘይት መቀየር ደግሞ ሞተሩ የሞተርነት መብቱ እንጂ ጭማሪ ዋጋ አይደለም። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ብዙ አያኮራም፤ ባለ አምስት አሃዝ ቆጣሪ 99,999 ከደረሰ በኋላ እንደ አራስ ልጅ ከዜሮ ይጀምራል። ከሁሉ በላይ ያሸማቀቀኝ ግን «ሲቆም ደህና ነበር» የሚለው የራሴ ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለት ዓመት ቆሞ ለኖረ ሞተር ይህ ምስክርነት አይባልም፤ የመታሰቢያ ንግግር ነው።

ስለዚህ ካርቡራተሩን ፈታሁት። ሥር ያለችው የቤንዚን ማጠራቀሚያ ስትወልቅ አሮጌ የቀለም ቆርቆሮ የተከፈተ መሰለኝ፤ ቤንዚኑ ደርቆ ቡናማ ሙጫ ሆኗል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ነዳጅ የሚያሳልፈው ቀዳዳ ከመርፌ ዓይን ይጠባል፤ እሱም ተደፍኗል። ሽቦ ማስገባት ያምራል፤ ግን ነሐሱ ለስላሳ ነው፣ ይፋቃል፣ ከተፋቀ በኋላ የቀዳዳው ልክ ተበላሸ ማለት ነው። በማጽጃ ዘፍዝፌ፣ እፍ ብዬ፣ ወደ መብራት አንስቼ፣ በአንድ ዓይኔ እያየሁ፣ እንደገና ዘፍዝፌ ሁለት ምሽት ፈጀሁ። በመጨረሻ የብርሃን ነጥብ ታየችኝ። ደስታዬ ብዙ አልቆየም፤ ካርቡራተሩ ሁለት መሆኑ ትዝ አለኝ።

ይህን ሁሉ ሠርቼ፣ ባትሪ ቀይሬ፣ ሞተሩ ሲነሳ ስልኬ ጮኸ። እርስዎ ነበሩ። «የመጨረሻው ስንት ነው?»

ክቡርነትዎ፣ ነገሩን ሳስበው «መጨረሻ» የሚባለው መጀመሪያ ላለው ነገር ነው። እርስዎ ሙግቱ ሳይከፈት ፍርዱን ይጠይቃሉ። አንድ ጊዜ ተሸንፌ የእውነተኛውን መጨረሻ ነገርኩዎት። በማግስቱ መጡና የእኔን መጨረሻ መጀመሪያ አድርገው ወደ ታች መቁጠር ጀመሩ። «ጋሼ፣ እንደ ልጅዎ ይዩኝ» አሉ። ያልወለድኩት ልጅ አባባ ቢለኝ አፌን ዳባ ዳባ አለኝ እንዲሉ፣ እኔም ምላሴ ተሳሰረ።

በዚያን ቀን ያደረጉት ምርመራም ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሁለት እጅዎን ከኪስዎ ሳያወጡ የፊት ጎማውን በጫማዎ ረገጡት፤ ረግጠውም እንደ ሐኪም ራስዎን ነቀነቁ። ጎማ በእርግጫ አይናገርም፤ ማንበብ ለሚችል ግን ጎኑ ላይ ተጽፎለታል። የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። የእኔው 0911 ይላል፤ እ.ኤ.አ. የ2011 ዘጠነኛ ሳምንት ማለት ነው። ጎማው አርጅቷል፣ መቀየር አለበት፣ ዋጋውም መቀነስ ነበረበት! በዚህ ቢከራከሩኝ ወዲያው እረታ ነበር። እርስዎ ግን ጎንበስ ማለት ከበደዎትና አጎትዎን ጠሩብኝ፤ እንዲህ ያለውን ሞተር በግማሽ ዋጋ ሸጧል የተባለውን አጎት።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር አንድ ስላልሆነ «የተሰረቀ ነው» ብለው አስደነገጡኝ። በዚያ ዘመን ሆንዳዎች ላይ ሁለቱ ቁጥሮች መጀመሪያውኑ አንድ እንዲሆኑ አልተደረጉም፤ መመሳሰል ያለበት ብረቱ ላይ የተመታው ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር ነው። ሊብሬውን ላሳይዎት ስገባ ግን እርስዎ በቴሌቪዥን ስለመለወጥ ማውራት ጀምረው ነበር። ቀጥሎም «አንድ ጊዜ ዞር አድርጌው ልምጣ» አሉ፤ ገንዘብ ሳያስይዙ፣ መታወቂያ ሳያስቀምጡ፣ በነጠላ ጫማ።

አሁን ደስ የማይል ዜና ልነግርዎ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ወጣት መጣች። ሰላምታ ሰጥታ፣ ስለ ጉልበቴ ጠይቃ፣ ከዚያ መዳፏን ሲሊንደሩ ላይ አሳረፈች። ቀዝቃዛ መሆኑን ማረጋገጧ ነበር፤ ሻጭ ቀድሞ ካሞቀው እንቢተኛ ሞተርም በደንብ ይነሳልና። እኔም ከሳምንት በፊት ብትመጣ ሳላሞቀው አልቀርም ነበር፤ እንዳይነግሩብኝ። የቤንዚን ጋኑን ክዳን ከፍታ በባትሪ መብራት ዝገት ፈለገች። ቁጥሮቹን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አነበበች። የፊት ጎማውን የያዘውን ሹካ ተጭና ዘይት መትፋቱን አየች፤ በእርግጥም ግራው ትንሽ ይተፋል፣ እኔ አላወቅሁም ነበር። አስነስታው ከኋላ ሄዳ ቆመች። ሰማያዊ ጭስ ቢኖር ዘይት ይበላል ማለት ነው፤ አልነበረም። እስትንፋሴን ይዤ እንደነበር ያወቅሁት ስተነፍስ ነው።

አንድ ሰዓት ሙሉ ተንበርክካ ከቆየች በኋላ ተነስታ ጉልበቷን አራገፈችና፣ ያምኑኛል፣ «የመጨረሻው ስንት ነው?» አለችኝ። የእርስዎ ጥያቄ፣ ፊደሉ ሳይጎድል!

ነገርኳት። ጎማውንና ሹካውን ቀነሰች፤ ሁለት ምሽት የፈጀብኝን ካርቡራተር ግን ሳልጠይቃት ቆጠረችልኝ። ትዝታውን ማንም አልጠቀሰው። ውሉን ፈረምን፣ ሊብሬውን ይዛ፣ ሞተሩን እየገፋች ከግቢው ስትወጣ የጎባጣውን ፍሪሲዮን ጫፍ በጣቷ ስትዳስስ አየኋት። ይኸኔ ስልኬ ጮኸ።

«አለ? የመጨረሻው ስንት ነው?»

ክቡርነትዎ፣ ለሦስት ወራት የጠየቁኝን ነገር ዛሬ በትክክል አውቀዋለሁ። ወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ ሁለት ፊርማ አርፎበት፣ ኪሴ ውስጥ ነው። አልነግርዎትም።

ከማይቀነስ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞው ባለሞተር

ግልባጭ፦
ለአጎትዎ
ለግራ ጉልበቴ

ማሳሰቢያ፦ የራስ ቁሩ አልተሸጠም። ከዕድሜው ብዛት የውስጡ ስፖንጅ እየተፈረፈረ ስለሆነ ለማንም ራስ አልመክረውም። ስለ እሱ እንዳይደውሉ።