ሁለቱ በሮች

አየርላንድ ውስጥ፣ ክሌር በሚባለው የምዕራብ አውራጃ፣ አንድ ሽማግሌና የወንድማቸው ልጅ ስለ አንድ አሮጌ ቤት ሲከራከሩ አብሬያቸው ነበርኩ። ቤቱ የሽማግሌው አያት ቤት ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር፤ የክዳኑ ግማሽ ወርዷል። ወጣቱ ግንበኛ ነው፤ ግድግዳውን «እርጥበት በልቶታል» ብሎ ቤቱን አፍርሶ አዲስ ሊሠራ አስቧል።

«እነዚህን በሮች እያቸው» አሉት። የፊቱና የኋላው በር ፊት ለፊት ይተያያሉ። «ቤቱ የደጋጎቹ መንገድ ላይ ነው። አያቴ ማታ ሁለቱንም ከፈት ታደርግላቸው ነበር።»

ደጋጎቹ የሚሏቸው በተረት የሚነገርላቸውን የማይታዩ ፍጡራን ነው። እንዳይቀየሟቸው ነው እንዲህ የሚያቆላምጧቸው።

«አጎቴ፣ እሱ እኮ ለነፋስ ነው» አለ ልጁ። «ነፋሱ በመጣበት በኩል ያለው ይዘጋል፣ ሌላው ይከፈታል።»

«ላቱን ሰፈር ያለችው ዛፍስ?»

ይቺን ታሪክ ክሌር ውስጥ የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1999 አዲስ መንገድ ሲቀየስ አንዲት የእሾህ ዛፍ ልትቆረጥ ነበር። ተረት ነጋሪው ኤዲ ሌኒሃን «የስውሮቹ ናት» ብሎ ተሟገተላት፤ መንገዱም ሳይነካት አለፈ።

«ዛፍ ክዳን አይፈልግም» አለ ልጁ። «ተረቱ ደግሞ ተጽፎ ተቀምጧል።» እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1939 የአገሪቱ ተማሪዎች የየሰፈራቸውን ታሪክ ሽማግሌ እየጠየቁ በደብተር ጽፈዋል።

«ታላቅ እህቴም ጽፋለች። ሁለት በር ይላል ደብተሩ። ቤቱ ከሌለ የቱ በር የት እንደነበር ማን ያሳይሃል?»

ከዚያ ወደ ምድጃው ወሰዱኝ። የሚነደው ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀ አፈር ነበር። እሳቱ አይጠፋም፤ ማታ በአመድ ይዳፈናል፣ ጠዋት ይቆሰቆሳል። እኔ ደግሞ የሴት አያቴ ምድጃ ትዝ አለኝ፤ እሷም እንዲሁ ነበር የምታዳፍነው።

ለእኔ ስለ ነፋሱ ልጁ ልክ ነው። ስለ ቤቱ ግን ከሽማግሌው ጋር ነኝ። ልጁ «እርጥበት በልቶታል» ያለውን ግድግዳ ዳስሼዋለሁ። ከውጭ በሲሚንቶ ተለስኗል። ያ ድንጋይ የለመደው ኖራ ነው፤ ኖራ እርጥበቱን ያስወጣዋል፣ ሲሚንቶ ግን ውስጥ ያፍነዋል። ስለዚህ ጥፋቱ የአሮጌው ቤት ሳይሆን በኋላ የተደረገው እድሳት ነው። የሣር ክዳን ውድ መሆኑ አይካድም፣ ባለሙያውም እንደ ልብ አይገኝም። ቢሆንም መጀመሪያ ሲሚንቶው ተፍቆ ግድግዳው ይድረቅ። በሮቹም ካሉበት አይነቃነቁ።