ሶኬት ያለው ዘመድ

አዲስ አበባ ውስጥ የዘመድ ደረጃ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሚለካው በሶኬት ነው። ግቢ ያለው፣ ግቢውም መኪና የሚያስገባ፣ ከውጪ በኩል ለእንጀራ ምጣድ ተብሎ መስመር የተዘረጋለት ሰው በአንድ ጊዜ የሁሉም የሥጋ ዘመድ ይሆናል። እኔ አራት ኪሎ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ ግቢ እኖራለሁ። መኪና የለኝም፤ ምጣድ ግን አለኝ። ስለዚህ ለቅሶ ላይ ካልሆነ የማንተያይ የአክስቴ ልጆች እሑድ እሑድ ይጠይቁኝ ጀምረዋል።

የዚህ ሁሉ ፍቅር ምንጩ ጥር 2016 ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ለኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ቀረጡ ቀደም ብሎ ቀንሶ ነበር፤ ተገጣጥሞ ያለቀው 15 ከመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 ከመቶ፣ ተበትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመው ደግሞ ምንም። ዘመዶቼ ቪትዛቸውን ሸጠው የቻይና መኪና ገዙ። አዲሱ መኪና ድምፅ የለውም፤ በር ላይ ሲደርስ አይሰማም። ቪትዙ ቢያንስ ከመንገዱ ማጠፊያ ጀምሮ እየጮኸ ስለሚመጣ፣ ሰው ለመዘጋጀትም ሆነ ለመደበቅ ጊዜ ነበረው።

ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል እንበል። በእኔ ሶኬት በሰዓት ቢበዛ ሦስት ያህል ይገባል። ማካፈል ለሚችል ሰው ይህ ሃያ ሰዓት ነው። «እስኪ ትንሽ ልሰካና እንጨዋወት» ብሎ የመጣ ሰው ሃያ ሰዓት ሲጨዋወት አስቡት! አቦል ተጠጥቶ፣ ቶና ተጠጥቶ፣ በረካው አልቆ መኪናው ገና 31 ከመቶ ላይ ነው። ከበረካ በኋላ ለሚጠጣ ቡና አባቶቻችን ስም አላወጡለትም።

ምጣዱስ? ብቻውን ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል። ቅዳሜ እንጀራ ሲጋገር መኪናም ከተሰካ አሮጌው መስመር ሁለቱን መሸከም ያቅተውና ቤቱ ድርግም ይላል። ሊጡ ምጣዱ ላይ እንደተዘረጋ፣ ባለቤቴ አክንባሎውን ይዛ በጨለማ ቆማ ሳለ፣ ከግቢው በኩል «ስንት ከመቶ ላይ ነው የጠፋብን?» የሚል ሐዘን የተሞላ ድምፅ ይሰማል። ስለ እንጀራው የጠየቀ የለም። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የመብራት ዋጋም ደረጃ በደረጃ እንደሚጨምር ሁላቸውም ያውቃሉ፤ ግን እንግዳን ሒሳብ መጠየቅ ነውር መሆኑን ከዚያ በተሻለ ያውቃሉ።

የሕዝብ መሙያ ጣቢያ የለም አይባልም። ኢትዮ ቴሌኮም እንኳ በ2017 ቦሌ መንገድ ላይ ፈጣን መሙያ ከፍቷል፤ ክፍያው በቴሌብር ነው። ፈጣኑ መሙያ በእኔ ደጅ ቀንና ሌሊት የሚፈጀውን ሥራ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፤ ያውም እስከ 80 ከመቶ። ከ80 በላይ ባትሪው እንዳይጎዳ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ይህንን ግን ተሰልፎ ቦታ ላገኘ የአዲስ አበባ ሰው ማን ያስረዳው? ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ፣ መስታወቱን ዘግቶ 100ን ይጠብቃል። ከኋላው ያለው ጥሩምባ ሲነፋ ከመስኮቱ ጣቱን ብቅ አድርጎ «አንድ ጊዜ» ይላል። መሰኪያውም ሌላ ጣጣ ነው፤ የቻይናውና የአውሮፓው አይገጣጠሙም። አንዱ አጎቴ የአውሮፓ መሰኪያ ያለው መኪና ይዞ ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ አልገባ ብሎት፣ አራት ከመቶ ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። የእኔ ሶኬት ዘር አይለይም።

ስለዚህ እኔ መንግሥት ለፈጣን መሙያ ገንዘብ ያውጣ ከሚሉት ወገን ነኝ። ለአየር ንብረት ብዬ አይደለም፤ ለቡናዬ ነው። ነጋዴው ብቻውን አይደፍረውም፤ መሣሪያው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፣ መኪና እስኪበዛም ያለ ሥራ ይቆማል። ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ለአገሪቱ ከ2,200 በላይ ጣቢያ እንደሚያስፈልግ፣ ከግማሽ በላዩም ለአዲስ አበባ እንደሆነ ተናግሯል። እስከዚያው ጣቢያው እኔ ነኝ። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው፤ ያ ሁሉ ኃይል ከጉባ ተነስቶ፣ ወንዝና ተራራ አቋርጦ፣ የመጨረሻውን አምስት ሜትር በእኔ ማራዘሚያ ገመድ ይጓዛል።

ይህንን እሮሮ ከአሜሪካ ለመጣው ለባለቤቴ ወንድም ሳሰማው ሳቀብኝ። እነሱም እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ሕግ ለፈጣን መሙያ አምስት ቢሊዮን ዶላር መድበው ነበር። በዋና ዋና መንገዶች በየ80 ኪሎ ሜትሩ ጣቢያ፣ በየጣቢያው ቢያንስ አራት መሙያ፣ እያንዳንዱም 150 ኪሎዋት። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ የተከፈተው ጣቢያ በጣት የሚቆጠር ነበር። በ2025 መጀመሪያ አዲሱ አስተዳደር ገንዘቡን አገደው፤ ግዛቶች ፍርድ ቤት ሄዱ። መሙያው ከጊዜው 97 ከመቶውን በሥራ ላይ መሆን አለበት የሚል ግዴታም አለበት ሲል፣ አጎቴ ስኒውን አስቀምጦ «መብራት ሳይጠፋ?» አለ። ሰውየው ጥያቄው አልገባውም።

ባለቤቴን የገረማት ግን ሌላ ነው። በዚያ ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት እስከ 80 ከመቶ ወጪውን ይችላል፤ ቀሪውን ሌላው ይሸፍናል። በማግስቱ ግቢው በር ላይ ወረቀት ለጥፋ አገኘኋት፤ «80 ከመቶ ባለመኪናው፣ 20 ከመቶ እኛ፤ ቅዳሜ መሰካት ክልክል ነው» ይላል። የአክስቴ ልጆች አኩርፈው ሄዱ። ዕድሜውን በሒሳብ ሹምነት የጨረሰው አጎቴ ብቻ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበውና ዞር ብሎ «እትዬ፣ የእናንተ 20 ከመቶ ቁርስን ይጨምራል?» ሲል ጠየቃት።