ከሽልማቱ በፊት ስሙን

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1967 ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ፣ ዊጋን አቅራቢያ ለተወለደ አንድ ሕፃን ግን ስም ያወጣለት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነው፤ ያውም የራሱን ስም፣ ኖርማን ብሎ። እናቱ ለትምህርት ወደዚያ የሄደች ኢትዮጵያዊት ነበረች። የፈለገችው ትምህርቷን እስክትጨርስ ልጇን ለጊዜው የሚይዝላት ሰው ነው። ሠራተኛው ግን ሕፃኑን ለነጭ ቤተሰብ ሲሰጥ እንደ ጉዲፈቻ ቁጠሩት አላቸው።

ልጁ 12 ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ መልሶ ለመንግሥት አስረከበው። ከአንዱ ማሳደጊያ ወደ ሌላው ሲንከራተት ቆይቶ በ17 ዓመቱ የልደት ምስክር ወረቀቱን ተቀበለ። እዚያ ላይ የተጻፈው ስም ለምን ሲሳይ ነው። እናቱ በ1968 የጻፈችው ደብዳቤም አብሮ ደረሰው። ልጄን እንዴት መልሼ ላግኘው፣ በአገሩ ከወገኖቹ ጋር ይደግ ብላ ትለምናለች። ደብዳቤው ይህን ሁሉ ዓመት መዝገብ ውስጥ ተኝቶ ነበር። የሕፃኑ ስም ራሱ ጥያቄ መሆኑን ደግሞ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ማንም ሳያስረዳው ይሰማዋል።

ለምን ሲሳይ ዛሬ ስመ ጥር ገጣሚ ነው። ከ2015 ጀምሮ ለሰባት ዓመታት የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ነበር። እኛም የእኛ ልጅ ብለን እንኮራለን፤ እኔም ኮርቻለሁ። የሚያንገበግበኝ ታሪኩ የሚተረክበት መንገድ ነው። «ከችግር ተነሥቶ ለክብር በቃ» ይባላል፣ ችግሩ እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደበት ይመስል። ችግሩን ያመጡት ጠረጴዛ ይዘው የተቀመጡ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው። የዊጋን ምክር ቤት በ2018 ይቅርታ ጠይቆ ካሳ የከፈለውም ለዚህ ነው።

ሞ ፋራህንም እንውሰድ። ቀነኒሳ በቀለን አሸንፎ በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ ዓለም የጠራው በሌላ ልጅ ስም ነበር። በልጅነቱ ከጅቡቲ በሌላ ልጅ ስም ተወስዶ፣ እንግሊዝ ውስጥ በሰው ቤት በጉልበት ሥራ ማደጉን በ2022 ራሱ ተናገረ። የትውልድ ስሙ ሁሴን አብዲ ካሂን ነው። በሶማሊዎች ዘንድ እንደ እኛው ከስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነው፣ ቀጥሎም የአያት። አባቱ በጦርነት ሲሞት እሱ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ስሙን ሲቀሙት እንግዲህ ከአባቱ የቀረውን ብቸኛ ነገር ነው የወሰዱበት።

በገዛ እጃቸው ስማቸውን የቀየሩም አሉ። ቤን ኪንግስሊ ሲወለድ ክሪሽና ባንጂ ነበር፤ በባዕድ ስም ሥራ አላገኝም ብሎ ፈርቶ ለወጠው። በ1983 ኦስካር የተሸለመው ጋንዲን ሆኖ በመተወኑ ነው። የመድረክ ስም ነው፣ ነጮቹም ያደርጉታል የሚል ይኖራል። ስሙ ባዕድ ነው ብለው በሩን እንዳይዘጉበት ሠግቶ የሚቀይር ሰው ግን፣ ነጭም ይሁን ሌላ፣ የመድረክ ስም መረጠ ብቻ ተብሎ አይታለፍም።

ስለዚህ የእኛ ጋዜጦችና ሬዲዮኖች ለምን ሲሳይን በሚቀጥለው ጊዜ ሲያስተዋውቁ ከሽልማቶቹ እንዳይጀምሩ እለምናለሁ። ከእናቱ ደብዳቤ ይጀምሩ፤ መልስ ሳያገኝ ስንት ዓመት እንደቆየም ይናገሩ።